አንደኛ የወጣው ማነው?

የዛሬውን ጨዋታ በኑዛዜ ልጀምር። እኔ ዕድሜዬን ሰው ሳበላልጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት፣ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ይኼ «ኤ»፣ ያቺ «ሲ»፣ ያ ምስኪን ደግሞ «ዲ» እያልኩ የሰው ልጅ ስደረድር ነው የከረምኩት። ማስተማሩን ትቼ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ከጀመርኩ በኋላም አመሉ አልለቀቀኝም። «ከአማርኛ ልቦለዶች አንደኛው የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ነው የምከራከረው። ስለዚህ ዛሬ ደረጃ ማውጣትን ብተች ከውጭ ሆኜ አይደለም፤ ከደረጃ አውጪዎቹ መንደር ነው የመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእህቴ ልጅ ቤት ከርሜ ነበር። (በፈረንጆቹ 2025 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የነሱው ናቸው።) መጋቢት እዚያ አገር የቅርጫት ኳስ ወር ነው። ከመላ አገሪቱ 68 የኮሌጅ ቡድኖች ይመረጡና ለሦስት ሳምንት ያህል ይጋጠማሉ። አንዴ የተሸነፈ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ነው። የመልስ ጨዋታ የለ፣ ነጥብ መደመር የለ! «የመጋቢት እብደት» ይሉታል፤ እብደት መሆኑን ደግሞ በዓይኔ አየሁ። የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ ታክሲ ነጂው ያገሬ ልጅ ሳይቀር ማን ማንን እንደሚያሸንፍ ወረቀት ላይ ሞልቶ ይዞራል።

የእህቴ ልጅም ከእብዶቹ አንዱ ነው። አንድ ማታ እራት በልተን እንደተነሳን አንድ ዝርዝር ይዞልኝ መጣ።

«ጋሼ፣ አንተ ሃያሲ አይደለህ? እስቲ ይቺን እያትና ፍረድ!»

ርዕሱ «በአሁኑ ጊዜ ያሉ አሥር ምርጥ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች» ይላል። ከአንድ እስከ አሥር ተደርድረዋል፤ በያንዳንዳቸው ሥር ሁለት መስመር ምክንያት ተጽፏል።

የቅርጫት ኳስ እውቀቴን አልደብቃችሁም። በልጅነቴ ለትምህርት ቤታችን ቡድን አንድ ዓመት ሙሉ «ተጫውቻለሁ»፤ ማለትም ማልያ ለብሼ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። (ይህቺን ወንበር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።) ዝርዝሩን ግን እንደ ስፖርት ዜና ሳይሆን እንደ ሂስ ጽሑፍ ነው ያነበብኩት። ደረጃ ማውጣት እኮ ከሂስ ሁሉ አጭሩ ነው፤ አንድ ቁጥርና አንድ ስም። ሃያሲ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማንን ወደድክ?» ተብሎ አይደለም፤ «በምን ሚዛን?» ተብሎ ነው። ይኼ ዝርዝር ሚዛኑን አልተናገረም። አገላብጬ ሳየው ግን ሚዛኑ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ዋንጫ። አንደኛው የኮኔቲከቱ ዳን ሀርሊ ነው፤ 2023 እና 2024ን ተከታትሎ ስለወሰደ። ከሥሩ የካንሳሱ ቢል ሰልፍ፤ 2008 እና 2022። እንዲህ እያለ ይወርዳል።

ታዲያ ምን ክፋት አለው? ዋንጫ እንደሆነ የሚቆጠር ነገር ነው፤ አይዋሽም።

እስቲ እንየው። ቶኒ ቤኔት የሚባል የቪርጂኒያ አሰልጣኝ ነበር። በ2018 ቡድኑ ከ68ቱ ሁሉ አንደኛ ተብሎ ገባና የመጀመሪያ ጨዋታውን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ከተመደበ አንድ የማይታወቅ ኮሌጅ ጋር አደረገ። በወንዶቹ ውድድር እንዲህ ያለ ግጥሚያ ከዚያ በፊት 135 ጊዜ ተካሂዶ 135 ጊዜም ትልቁ አሸንፏል። ቤኔት 74 ለ54 ተሸነፈ። በታሪክ የመጀመሪያው! ያን ሳምንት ደረጃ ያወጣ ሰው ቢኖር የት ያስቀምጠው ነበር? በዓመቱ፣ በ2019፣ ያው ሰውዬ፣ ያንኑ ቀስ ያለ የመከላከል ጨዋታውን ይዞ ዋንጫውን ወሰደ። እንዴት ወሰደ ካላችሁ፣ ግማሽ ፍጻሜው ላይ ሊሸነፍ 0.6 ሰኮንድ ሲቀረው ጥፋት ተነፋለትና አንድ ልጅ ሦስት ነጻ ውርወራ አከታትሎ አስገባ፤ 63 ለ62። ከሦስቱ ሁለቱ ቢስቱ ኖሮ አሰልጣኙ ምኑ ይቀነስ ነበር? እውቀቱ? ትዕግሥቱ? አይደለም፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ቦታው ብቻ ነው የሚቀነሰው።

የጎንዛጋውን ማርክ ፊውን ደግሞ ውሰዱ። ከ1999 ጀምሮ አንድ አነስተኛ የካቶሊክ ኮሌጅ ይዞ ከትልልቆቹ ጋር የሚተናነቅ ሰው ነው። በ2021 ዓመቱን ሙሉ አንድም ሳይሸነፍ ፍጻሜ ደርሶ በመጨረሻው ጨዋታ ቤይለር 86 ለ70 አሸነፈው። በ2017ም ፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል። ዝርዝሩ ስለሱ «ትልቁን ጨዋታ ማሸነፍ የማይችል» ትላለች። እዚህች ጋ ሳቄ መጣ። እኛም ሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ሽልማት ያላገኘ ደራሲ ሲነሳ እንዲህ ነበር የምንለው።

ሁለተኛው የሚዛኑ ችግር ጊዜ ነው። «በአሁኑ ጊዜ» የምትለው ቃል አደገኛ ናት። ጆን ውድን የሚባል አሰልጣኝ ነበር። ሎስ አንጀለስ የሚገኘውን ዩሲኤልኤን ይዞ ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 ዓመታት ውስጥ 10 ዋንጫ ወሰደ። እስካሁን በወንዶቹ የደረሰበት የለም። ሰውዬውን የምወደው ግን በዋንጫው አይደለም፤ ድሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበረ ነው፤ የሙያ ባልደረባዬ! አዲስ ለመጡ ተጫዋቾች፣ አገር ያወቃቸውን ኮከቦች ጨምሮ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምራቸው ካልሲ አደራረግና ጫማ አስተሳሰር ነበር። ካልሲ ከተጨማደደ እግር ይላጣል፤ እግሩ የተላጠ አይሮጥም። ፊደል ማስቆጠር ማለት ይኼው ነው። ታዲያ ውድን ዩሲኤልኤ የገባው በ1948 ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘው በ16ኛው የውድድር ዘመኑ ነው። በ1963 «አሥሩ ምርጥ» ተብሎ ቢወጣ ስሙ ይኖር ነበር ብላችሁ ታስባላችሁ?

በ2022 ጡረታ የወጣው የዲዩኩ ማይክ ሸሸፍስኪም («ኮች ኬ» የሚሉት) እንደዚያው ነው። አምስት ዋንጫና 1,202 ድል ይዞ ነው የተሰናበተው። ዲዩክ በገባ በሁለተኛው ዓመት ግን 10 አሸንፎ 17 ተሸነፈ፤ በሦስተኛው 11 አሸንፎ 17 ተሸነፈ። ይባረር ያሉ ብዙ ነበሩ። ያላባረረው አለቃ ምን ዓይነት ሚዛን እንደነበረው ባውቅ ደስ ይለኛል። በ2025 እኔ ሜሪላንድ እያለሁ የሆነውን ደግሞ ስሙ። የሰፈሩ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እስከ 16ቱ ደርሶ ተሸነፈ። ሐዘኑ ገና ሳይወጣ፣ በቀናት ውስጥ፣ አሰልጣኙ ቪላኖቫ ወደሚባል ሌላ ኮሌጅ ሄደ። ተጫዋቹም እንዲሁ ሆኗል። ከ2021 ጀምሮ በስሙ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ኮሌጅ መቀየር ይችላል። ልጆቹ ላባቸውን መብላታቸውን አልቃወምም፤ ሌላው ሁሉ ሲበላበት እነሱ ብቻ ለምን ይጹሙ? ቤኔት ግን በ2024 ጥቅምት፣ ውድድሩ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለዚህ አዲስ ዓለም የምሆን ሰው አይደለሁም ብሎ ወጣ። እንግዲህ ዛሬ «ምርጥ አሰልጣኝ» ስንል የምንለካው ማስተማሩን ነው ወይስ ገበያ መውጣቱን? ዝርዝሩ ዝም ነው።

ዝም ያለበት ሌላም ነገር አለ። ሪክ ፒቲኖ በ1996 ከኬንታኪ ጋር፣ በ2013 ከሉዊቪል ጋር ዋንጫ ወስዷል። የ2013ቱ ግን ኮሌጁ ውስጥ በተፈጸመ ነውር ምክንያት በ2018 ከመዝገብ ተሰረዘ። ሰንደቁ ወረደ። ዝርዝሩ ሰውዬውን «ሁለት ጊዜ አሸናፊ» ይለዋል፤ ስለ ስረዛው አንድ ቃል የለም። የሂዩስተኑ ኬልቪን ሳምሰን ደግሞ በተቃራኒው ነው። ለምልመላ ከተፈቀደው በላይ ስልክ ደወልክ ተብሎ በ2008 ከኢንዲያና ለቀቀ፤ ለአምስት ዓመትም የኮሌጁ በር ተዘጋበት ማለት ይቻላል። በኋላ ሕጉ ራሱ ላላ። ያን ጊዜ ያስቀጣው አብዛኛው ነገር ዛሬ አያስቀጣም። ሳምሰን በ2014 ሂዩስተን ገብቶ የሞተ ቡድን አስነሳ። አንዱን ይቅር ብሎ ሌላውን ማስታወስ፣ አንዱን ማስታወስ ሌላውን መርሳት… ይኼ ሁሉ ፍርድ ነው፤ ቁጥር አይደለም። ሃያሲ ፍርዱን ቁጥር ውስጥ ሲደብቅ ደግሞ አልወድም።

ይህን ሁሉ እየዘረዘርኩ ሳለሁ ከወለሉ ላይ አንድ ድምፅ መጣ። የእህቴ ልጅ ሴት ልጅ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ለትምህርት ቤቷ ትጫወታለች።

«ዶውን ስቴሊስ?»

«ይኼ የወንዶች ነው፣ እናቴ፤» አላት አባቷ።

«የወንዶች ይላል እንዴ?»

ወረቀቱን አየነው። አይልም። «የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች» ነው የሚለው። አባትም አጎትም አፈርን። በዋንጫ ከሆነ ነገሩ እኮ ያለቀ ነው። በሰባት ዓመቱ ከጣልያን በስደት የመጣው ጂኖ ኦሪዬማ የኮኔቲከትን ሴቶች ይዞ ያን ሰሞን፣ በ2025 ሚያዝያ 6፣ 12ኛውን ዋንጫ ወሰደ። በዝርዝሩ ላይ ያሉት የአሥሩ ወንዶች ዋንጫ ተደምሮ 12 አይሞላም! ዝርዝሩ በራሱ ሚዛን ወደቀ። እኛስ ብንሆን «ደራሲ» ብለን ወንዱን፣ «ሴት ደራሲ» ብለን ሴቷን ስንጠራ አይደል የኖርነው? እኔ ራሴ የኮርስ መግለጫ ላይ እንዲያ ብዬ ጽፌአለሁ።

ስቴሊ በሰሜን ፊላዴልፊያ የድሆች የጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያደገች ናት። በተጫዋችነት ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አላት፤ የኮሌጅ ዋንጫ ግን ተጫዋች ሆና አላገኘችም። ሳውዝ ካሮላይና በ2008 ስትገባ የመጀመሪያ ዓመቷ 10 ድልና 18 ሽንፈት ነበር። ከዚያ 2017፣ 2022 እና 2024ን ወሰደች፤ የመጨረሻውን 38 ጨዋታ አድርጋ አንድም ሳትሸነፍ። የኔን ልብ የወሰደው ግን መረቡ ነው። አሸናፊ ቡድን መረቡን ቆርጦ ይወስዳል። በ1999 ዋንጫ በመውሰድ ከጥቁር ሴት አሰልጣኞች የመጀመሪያዋ የሆነችው ካሮሊን ፔክ ከመረቧ ቁራጭ ለስቴሊ ሰጠቻት፤ አንቺም ስታሸንፊ ለሌላዋ ታስተላልፊያለሽ ብላ። ስቴሊ ባሸነፈች ጊዜ ለአንዷ ብቻ አልሰጠችም። መረቧን ቆራርጣ በየኮሌጁ ላሉ ጥቁር ሴት አሰልጣኞች በፖስታ ላከች። ይህን በየትኛው ዓምድ ትመዘግቡታላችሁ?

አሁን ወደምፈራው ቦታ ደረስኩ።

ዝርዝሩ ላይ የሚሺጋን ስቴቱ ቶም ኢዞ አለ። ከ1995 ጀምሮ አንድ ቦታ የቆየ ሰው ነው፤ ዋንጫው ግን አንድ ብቻ ናት፤ የ2000። በ2019 አንድ ጨዋታ መሃል አንድ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ላይ ጣቱን ቀስሮ ሲጮህበት፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሲይዙት ካሜራ ቀረጸው። አገር ለሁለት ተከፈለ። «ልጅ እንዲህ አይሰደብም» ያሉ አሉ፤ «ያስተማረን ሁሉ የጮኸብን ነው» ያሉም አሉ። ልጁ ራሱ ሲጠየቅ የደገፈው አሰልጣኙን ነበር። የእህቴ ልጅ ይህን ሲያጫውተኝ ያለምንም ማመንታት «ትክክል ነው! አስተማሪ የማይቆጣ ተማሪውን ንቆታል ማለት ነው» አልኩ። እኔም ክፍል ውስጥ በምላሴ የታወቅኩ ነበርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷን አማርኛ ከምትማርበት ላመጣት ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ ነው። ወደ ሃያ የሚጠጉ ልጆች ተቀምጠዋል። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ፊደል ያስቆጥራል። መጨረሻ ወንበር ላይ ያለ አንድ ልጅ «ሸ»ን «ሰ» እያለ ይደናበራል፤ ሰውዬው ይጠብቀዋል። ይጠብቀዋል ስላችሁ፣ እኔ ቆሜ እግሬ እስኪዝል። ልጁ በመጨረሻ «ሸ!» አለ። ሰውዬው ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሚቀጥለው አለፈ።

ክፍሉ ሲያልቅ መጣና ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። «መምህር! አላወቁኝም አይደል? ዲ የሰጡኝ ነኝ።»

ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። በሥራ ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ ቅዳሜ በነጻ ያስተምራል። ወዲያው፣ ያለምንም ቂም፣ አንድ ቀን የሆነውን አስታወሰኝ። የጻፈውን ግጥም ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አንብቤ፣ «ይኼ ግጥም ሳይሆን የመብራት ደረሰኝ ነው» ብያለሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «እኔም ስቄአለሁ» አለኝ፤ «እውነትም አስቂኝ ነበር። ብቻ ከዚያ ወዲህ ግጥም አልጻፍኩም።»

እኔ አላስታውስም። እግዜር ያውቃል፣ አንድም አላስታውስም። የማስታውሰው ያን ዓመት ተማሪዎች በሞሉት የመምህራን ግምገማ ከትምህርት ክፍሉ አንደኛ መውጣቴን ነው። «አዝናኝ» ብለው ነበር የጻፉልኝ።

«እርስዎ እኮ ጎበዝ መምህር ነበሩ፤» አለኝ ልጁ፤ ይኼ ይባስ።

የኢዞ ተማሪ ቢያንስ በማግስቱ ማይክሮፎን ቀርቦለታል። ለኔው ያቀረበለት የለም። ኢዞም ልጁን መልሶ አሰልፎታል፤ ያ ቡድን በዚያው ሰሞን ዲዩክን 68 ለ67 አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። እኔ ተቆጥቼ የት አደረስኩት? ዲ ላይ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ የማስበው ስለ ጆን ቶምሰን ነበር። ዋሽንግተን ያለ ያገሬ ሰው ሁሉ ጆርጅታውንን ያውቃታል። ቶምሰን የዚያ ኮሌጅ አሰልጣኝ ሆኖ በ1984 ዋንጫ ሲወስድ ከጥቁር አሰልጣኞች የመጀመሪያው ነበር። በ1989 ጥር ላይ፣ ፈተና ያላለፉ የድሃ ልጆችን ከትምህርት ዕድል ያስቀራል ያለውን አንድ ደንብ በመቃወም ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሜዳውን ጥሎ ወጥቷል። በ2020 አረፈ። ቢሮው ውስጥ አንድ አየር የወጣላት የቅርጫት ኳስ ያስቀምጥ ነበር። ወደ ቢሮው የገባ ተጫዋች ሁሉ ያያታል፤ ኳሷ አንድ ቀን መተንፈሷ አይቀርምና ያን ጊዜ ምን ይዘህ ትቀራለህ ለማለት ነው። ይህ ሰው ራሱ በተጫዋችነት ዘመኑ ለቦስተን ሴልቲክስ የቢል ራስል ተቀያሪ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከዚያ የሚታየውን ያውቃል።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ወንበር ይህች ናት። ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ አምስት ሰው ነው ያለው፤ የቀረው ተቀምጧል። ዋንጫውን የሚያመጡት አምስቱና ተቀያሪዎቹ ናቸው። አሰልጣኙ ምን ዓይነት አስተማሪ እንደሆነ የሚያውቀው ግን የወንበሩ መጨረሻ ላይ ያለው ልጅ ነው። ለሱ የሚሰጠው ጊዜ ውጤት ሰሌዳ ላይ አይወጣምና።

ሚዛን ከነቀፉ በኋላ ሚዛን አለማቅረብ ፈሪነት ነው። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የራሴን ጻፍኩለት። ሚዛኔ ሦስት ነው፤ ከምን ተነስቶ የት አደረሰ፣ በሽንፈት ጊዜ ምን ሆነ፣ ከሱ ጋር የነበሩት ምን ይዘው ወጡ። አንደኛ ስቴሊ፤ ስለ መረቡ። ሁለተኛ ኦሪዬማ፤ 12 ዋንጫ በአጋጣሚ አይሰበሰብም። ሦስተኛ ኢዞ፤ ሦስት አሥርት ዓመት አንድ ቤት ስለቆየ፣ ጩኸቱን ግን በማስጠንቀቂያ። አራተኛ ሳምሰን፤ ከወደቀበት ስለተነሳ። አምስተኛ ፊው። ዳን ሀርሊስ? ስድስተኛ። «እንዴ ጋሼ! በ2023 እና 2024 አሥራ ሁለቱንም ጨዋታ ከአሥር ነጥብ በላይ ነው ያሸነፈው!» ብሎ ጮኸብኝ። ልክ ነው፤ እንደሱ የተጫወተ በዘመኑ አላየሁም። እኔ ግን ሀርሊን ሳስብ አባቱ ይመጡብኛል። ቦብ ሀርሊ ጀርሲ ሲቲ ውስጥ የራሱ መጫወቻ አዳራሽ እንኳ የሌለው አንድ የድሆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዘው ብዙ ጊዜ የግዛቱ አሸናፊ ሆኑ። ትምህርት ቤቱ በ2017 በገንዘብ እጦት ተዘጋ። እሳቸው የኮሌጅ አሰልጣኝ ስላልነበሩ የትኛውም «አሥሩ ምርጥ» ላይ አይገቡም። ልጃቸውን ግን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

የወንዶቹን ፍጻሜ አብረን አየነው። የሳምሰን ሂዩስተንና ፍሎሪዳ ነበሩ። ሂዩስተን 65 ለ63 እየተመራ የመጨረሻዋን ኳስ ይዞ ወደ ቅርጫቱ እንኳ ሳይወረውር ሰዓቱ አለቀ። የእህቴ ልጅ ራሱን ያዘ። እኔ ያየሁት ግን የወንበሩን ጫፍ ነበር። አንድ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተነሳ፣ ፎጣ ፊቱ ላይ ጥሎ ሲያለቅስ። አልተጫወተም፤ ግን የሱም ሽንፈት ነበር።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቅዳሜ እንደገና ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ ሄጄ ነበር። ያን ግጥም ታስታውሰዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ወረቀቱ እንደጠፋ፣ የመጀመሪያዋ መስመር ግን ትዝ እንደምትለው ነገረኝ። ጠበቅኩ። አላላትም። እኔም በለኝ ለማለት አፈርኩ።

ቸር ይግጠመን።